ከሠርጌ ወዲህ ያልጠራሁት አዛዥ

በእኛ ከተማ አዲስ የፖሊስ አዛዥ መምጣቱ የሚታወቀው በዘይት ቀለም ሽታ ነው። በቀደም ጎመንና ቃሪያ በዘንቢል ይዤ ከገበያ ስመለስ፣ ፖሊስ ጣቢያው ጋ ስደርስ ያ ሽታ ከተፍ አለብኝ። ቀና ስል የግቢው በር ሰማያዊ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። «አዲስ ሰው መጣ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ደንግጦ «ምን ሆኑ እማማ?» አለኝ። ምኑን ልንገረው! እዚያ ግቢ ውስጥ በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ወጣትነቴን መጨረሴን? የሚመጣው አዛዥ ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ በሩን በወደደው ቀለም እንደሚያስቀባ? ያ ቀለም ቢፋቅ የከተማችን ሹማምንት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደሚገኙ? ጎመኔ እስኪጠወልግ ቆሜ ሽታውን ስስብ ቆየሁ። ልቤ ግን ወደ አረንጓዴው በር ሄዷል።

አረንጓዴው የሻምበል መኩሪያ ነው። እኔ ስቀጠር አዛዡ እሳቸው ነበሩ። ከሆሳዕና ብዙም የማትርቀው ከተማችን ያኔ አንድ ጎዳና፣ አንድ ወፍጮ ቤትና ስፍር ቁጥር የሌለው እንሰት ነበረች። ጣቢያው ራሱ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ሲሆን ከኋላው ያለው እንሰት በመስኮት ገብቶ ሊከሰን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ሻምበል ካፖርታቸውን እጅጌውን ሳያጠልቁ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጢማቸውን አሹለው፣ ጫማቸውን መስተዋት እስኪመስል አስወልውለው ይመጣሉ። ከሩቅ አገር የመጡ በመሆናቸው ሀዲይኛ አይሰሙም፤ ባለጉዳዩ ደግሞ አማርኛ አይሆንለትም። በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። ባለጉዳዩ እጁን እያወናጨፈ፣ እያለቀሰ፣ መሬት እየመታ ግማሽ ሰዓት ያወራል። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ይጠርግና «ተመታሁ ነው የሚለው» ይላል። ሻምበልም «ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል የደከመው?» ብለው ያዝኑለታል። እኔ ታዲያ ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛ ስር እስክሪብቶ የምፈልግ እመስል ነበር!

እኔን የቀጠሩኝ አማርኛም ሀዲይኛም፣ እንደ ነገሩ ከምባትኛም ስለምችል ነው። በዚያ ላይ ድምፄ! የዚያን ዘመን ሬዲዮ ማንሾካሾክ አያውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ከሰው ድምፅ ይልቅ ቆሎ የሚቆላ ምጣድ ይመስላል። ለፈተና ከግቢው ጫፍ ቆሜ እንድጣራ ታዘዝኩ። ተጣራሁ። በሩ ላይ የታሰረችው የጣቢያው በቅሎ ደነበረች። ሻምበል «ይቺን ልጅ ሬዲዮ ምን ያደርግላታል? ደጅ ቆማ ብትጣራ ሆሳዕና ይሰማል» አሉና ቀጠሩኝ። በመጀመሪያ ደመወዜ ቢጫ የተረሊን ቀሚስና ተረከዘ ወፍራም ጫማ ገዛሁ፤ አፍሮዬን አበጥሬ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ጥግ፣ በጋሽ ሸምሱ ሱቅ በኩል ሳልፍ ራሴን ለማየት መስታወቱ ጋ ቀስ እል ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ከሚስማር እስከ ሽቶ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። የበሩን ቀለም የሚያቀርቡትም እሳቸው ስለሆኑ አዛዥ በተዛወረ ቁጥር ከከተማው ሁሉ ቀድመው ወሬውን ያውቁ ነበር። ከሱቃቸው ጎን ሻይ ቤት አለች፤ ሻይ በአስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ስሙኒ በማይሞላ ዋጋ፣ ቴፑ ደግሞ በነጻ! ካሴቱ ሲያንቋርር ባለቤቷ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል፣ እኛም ዘፈኑ ካቆመበት እንቀበለዋለን። ዛሬ እዚያችው ጥግ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ከጎኑ ሻይ ቤት ገብቼ ቦምቦሊኖ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ የነገሩኝን ዋጋ ሰምቼ «ከነምጣዱ ነው?» አልኳቸው።

ከሻምበል ቀጥሎ መቶ አለቃ ታፈሰ መጣና በሩን ቢጫ አስቀባው። ቢጫው የኳስ ቡድኑ ማሊያ ቀለም ነው። ይህ ሰው ፖሊስነት የያዘው በስህተት ይመስለኛል፤ ነፍሱ ሜዳ ላይ ነበረች። የጣቢያው ቡድን ከጎረቤት ከተማ ከፎንቆ ልጆች ጋር የሚጫወት ቀን ግቢው ውስጥ የምቀረው እኔና ሬዲዮዋ ብቻ ነን። አንድ ጊዜ በረኛችን ወባ ያዘው። መቶ አለቃ ራሱን ይዞ ሲያማርር፣ በገበያ ድብድብ የታሰረ አንድ የከብት ነጋዴ በማረፊያ ቤቱ መስኮት በኩል «እኔ በረኛ ነኝ» አለ። ወሰዱት! ሁለት ፖሊስ ከግቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እየጠበቀው ተጫወተ፤ አንድም ኳስ አላስገባም። የፎንቆ ልጆች «በጠመንጃ የሚጠበቅ በረኛ ላይ ማን ያገባል!» ብለው ዛሬም ድረስ ይከራከራሉ። ማታ አሳሪና ታሳሪ ተቃቅፈው እየዘፈኑ ተመለሱ፤ ነጋዴውም ራሱ ወደ ማረፊያ ቤቱ ገብቶ «ዝጉት እንጂ፣ ይበርደኛል» አለ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

መቶ አለቃ ሲዛወር፣ ተተኪ እስኪመጣ ተብሎ አንድ ሃምሳ አለቃ ተወከሉ። ተተኪው ግን ዓመታት አለፉ፣ አልመጣም። እኚህ ሃምሳ አለቃ ከጊምቢቹ ወገን የተወለዱ፣ ከተራ ፖሊስነት የተነሡ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በሩን አላስቀቡም። ጋሽ ሸምሱ ቀለም ይዘው ሲመጡ «እኔ ተወካይ ነኝ፤ የሰው በር እንዴት እቀባለሁ?» ብለው መለሷቸው። ቢጫው ተላልጦ አረንጓዴው እስኪታይ ድረስ በዚያው በር ተገባ ተወጣ። ግን የዚያ ግቢ ወርቃማ ዘመን ያ ነበር፤ ማንም ቢከራከረኝ አልሰማም! አስተርጓሚው ሥራ ፈታ። ባለጉዳይ በገዛ ቋንቋው አዛዥ ፊት ቆሞ ያወራ ጀመር፤ እንዲያውም ወሬው በዛና ሰልፉ እስከ ሻይ ቤቱ ደረሰ።

አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው፣ ልብሳቸው ተቀዶ፣ እየተሰዳደቡ ሲመጡ ማንንም አይጠይቁም። ረጅም አጣና ያወጡና የውሃ ጀሪካኖች ይሰኩበታል። «ጣቢያው ውሃ የለውም፤ ቀድታችሁ ኑ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ይሏቸዋል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሲሄዱ አይነጋገሩም። ሲመለሱ ግን አቀበት ነው፤ የኋላው «ቀስ በል» ማለት አለበት፣ የፊተኛው «ድንጋይ አለ» ማለት አለበት፣ ትከሻ ለመለወጥ «አውርድ» መባባል አለባቸው። ግቢ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ነገር ሽማግሌ ተጠርቶ መታረቅ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ከተማው ውስጥ በርሜሉ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነው የእኛ ጣቢያ ነበር። አንዳንዴ ጸብ ሲጠፋና ውሃ ሲያልቅ ፖሊሶቹ «ኧረ አንድ ሰው ይጣላ!» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እኔን ደግሞ በዚህ መሃል የእኚሁ ሃምሳ አለቃ ልጅ ወደደኝ። ጴጥሮስ ይባላል፣ አስተማሪ ነው፤ ቤል ቦተም ሱሪው መንገድ ይጠርግ ነበር። አባቱን ሊጠይቅ እየመጣ ከአባቱ ይልቅ ሬዲዮዋን ሲጠይቅ ይውላል። ተጋባን፤ ከቡላ የተሠራው አተካና በቅቤ ሲዋኝ፣ መዘምራኑ ሲያሸበሽቡ፣ ጎረቤት ሁሉ እልል ሲል፣ ምን ልበላችሁ! እስከ አርብ ድረስ በስማቸው የምጠራቸው አለቃዬ ቅዳሜ የባሌ አባት ሆኑ። በእኛ አገር ወግ ደግሞ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ጨዋ የሆነች እንደሆነማ በሀዲይኛ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። እናቴ እንዲህ ነው የኖረችው፤ እኔም ለመኖር ተዘጋጀሁ። ሬዲዮ ኦፕሬተር መሆኔን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮዋን ከፈትኩ። ሆሳዕና ላይ ያለው ኦፕሬተር በቀለ የሚባል ቀልደኛ ነው።

«ዛሬ በቦታው ያለው አዛዥ ማነው? ኦቨር።»

«አዛዡ ናቸው። ኦቨር።»

«አዛዡ ማን? ስም ነው የጠየቅኩሽ! ኦቨር።»

«የባሌ አባት። ኦቨር።»

ሬዲዮዋ ለአፍታ ቆሎ ብቻ ቆላች። «አርብ ዕለት በስማቸው ስትጠሪያቸው አልነበር እንዴ? ኦቨር።»

«አርብ አላገባሁማ! ኦቨር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአውራጃው ሬዲዮ ሁሉ፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ የእኛ አዛዥ ስም «የባሌ አባት» ሆኖ ቀረ። ጢም ያላቸው ወንዶች ሳይቀሩ «የባሌ አባት አዲሎ ላይ ናቸው፣ መኪና ይጠብቃሉ፣ ኦቨር» እያሉ ያስተላልፉ ነበር። እሳቸውም ሲሰሙ ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን ወደ እንሰቱ ያዞራሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላ ይታያል።

ስማቸውን መጻፍ እችላለሁ፤ ጣቴ ምራት አይደለም፣ በታይፕ ስንቴ መትቼዋለሁ። እዚህም ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ። ከአፌ ግን አልወጣም። ልጆች ሲወለዱ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ ባሌ ሲጠራ የአባቱ ስም አብሮ አለ፣ ልጆቼ ሲጠሩ የአያታቸው ስም አለ። ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄጄ «ሳሙኤል ጴጥሮስ» እልና ዝም እላለሁ። «የአያት ስም?» ይሉኛል። «አባቱ ነገ መጥቶ ይነግራችኋል» ብዬ ውልቅ! ፓስተራችን ይህ ግዴታ እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ የዘመኑ ልጆችም ትተውታል። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጠን «ልጄ፣ ስም ነው እንጂ እሳት አይደለም። ፈቅጃለሁ፣ ጥሪኝ፤ ከጠራሽኝ ጊደር እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «ጊደሯን እቀበላለሁ አባዬ፣ ስሙን ግን አልጠራም» አልኳቸው። ሳቁና ጊደሯን ሰጡኝ! እወዳቸው ነበር። ስማቸውን በአፌ አለማርከሴ ለእኔ የፍቅሬ መግለጫ ነበር፤ ሲሞቱ ደግሞ ያ ዝምታ የቀረልኝ ርስት ሆነ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሰማያዊ የለበሱ ኢንስፔክተሮች ናቸው፤ በሩም ግራጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ። ሞባይል መጣና ሬዲዮዬ መደርደሪያ ላይ ወጣች፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ታዲያ የዚያን የቀለም ሽታ ካሸተትኩ በሳምንቱ ደጄ ተንኳኳ። አዲሷ አዛዥ ናት፤ ኮማንደር ሕይወት፣ ቆፍጣና ወጣት፣ የዚያ ግቢ የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ! አቅፌ ሳምኳት። «እትዬ ታደለች፣ እስካሁን ያገለገሉትን አዛዦች ሁሉ ፎቶ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ነው። ሕዝብ ይጠራል፤ ፎቶው ሲገለጥ ስማቸውን እርስዎ ይጥሩልኝ። ከሁሉም ጋር የሠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። «እሺ!» አልኩ፤ ደስታው ናላዬን አዙሮት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጴጥሮስ ከሳሎኑ ጥግ መነጽሩን አውልቆ ሲያየኝ ነው የነቃሁት። «አባዬ ጋ ስትደርሺ ምን ልትይ ነው?»

ኮማንደሯ ጉዳዩን ስትሰማ «ታዲያ የእሳቸውን እኔ ልጥራው» አለች። «ሌሎቹን በሙሉ እኔ ጠርቼ፣ የእሳቸውን በዓይንሽ አይተሻቸው የማታውቂው አንቺ? አይደረግም ልጄ!» አልኩ። በኩራት ተናገርኩ እንጂ ሌሊቱን አልተኛሁም። ይበልጥ የጨነቀኝ ደግሞ የጴጥሮስ እናት ነገር ነው። እማዬ ዘጠናን ተጠግተዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ አማርኛ ድሮም አይሆንላቸውም። የበዓሉ ቀን ጠዋት አዲሱን ነጠላቸውን ሳለብሳቸው በሀዲይኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ፎቶውን አላይም፤ የሚወራውም አይገባኝም። ስማቸው ሲጠራ ግን አውቃለሁ። ያን ጊዜ አጨበጭባለሁ።» ጠሪዋ እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ካልጠራሁ እማዬ የባላቸውን ቀን ሳያውቁት ያልፋል። ከጠራሁ ደግሞ ያንን ስም በሚስታቸው ፊት፣ በአማቴ ፊት፣ አፌን ሞልቼ መጥራቴ ነው።

ግቢው ድንኳን ተጥሎበት፣ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶት፣ ሰው በአጥሩ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሎ ነበር። ማይክራፎኑ ሲያፏጭ «ውሰዱልኝ፣ አልፈልገውም» አልኩ፤ የድሮ ፖሊሶች ሳቁ። የመጀመሪያው ጨርቅ ተነሣ፤ «ሻምበል መኩሪያ!» አልኩ፤ ጭብጨባ! «መቶ አለቃ ታፈሰ!» ስል ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ጎል!» ብሎ ጮኸ፤ ያ በረኛ የከብት ነጋዴ ነው፣ አለ ገና! ሦስተኛው ጨርቅ ተነሣ። ከሠርጋችን ፎቶ ተቆርጦ የተስፋፋ ነው፤ የእኔ ቬሎ ጫፍ ትከሻቸው ላይ ቀርቷል። ፈገግ ብለው ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት።

«የባሌ አባት!» አልኩ።

የድሮ ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ወንበራቸውን ጥለው ተነሡ። በቀለ፣ ጸጉሩ ጥጥ የመሰለው በቀለ፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ አፏጨ። ድንኳኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እፎይ፣ አለፍኩ አልኩ። ኮማንደሯም ወደሚቀጥለው ፎቶ ሄዳ ጨርቁን ያዘች። ያን ጊዜ ዓይኔ እማዬ ላይ ዐረፈ። ሁለት እጃቸውን ለማጨብጨብ አዘጋጅተው አየር ላይ ይዘዋል። ጭብጨባው ሲያልቅ እጃቸውን ሳያወርዱ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ልጅ ልጄ ዘንበል ብለው «የእኛ ገና ናቸው?» አሉ።

«ቆይ ልጄ! አትግለጪው!» ብዬ ኮማንደሯን አስቆምኳት። ወደ ፎቶው ዞርኩ። ከዚያ በዚያች በቅሎ ባስደነበረች ድምፄ፣ ከሠርጌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሃምሳ አለቃ ኤርጊቾ!» አልኩ።

ወጉን የሚያውቁ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እማዬ አላጨበጨቡም። እጃቸው ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ። «ማነው የጠራቸው?» አሉ። ልጅ ልጄ «እማማ ናት» አለቻቸው። እማዬ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ፤ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ድገሚው» አሉኝ። «በቤታችን ይህን ስም ሴት ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ድገሚው!»

ደገምኩት። «አሁንም» አሉ። ሳቄና እንባዬ እየተደባለቀ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራ ግን ድምፄ ብቻውን አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባላቸውን «የጴጥሮስ አባት» እያሉ የኖሩት እማዬ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አብረውኝ «ኤርጊቾ!» አሉ።